ባቄላ የማይበስልበት ተራራ

ተረት ተረት!

የባቄላ እሸት!

ጎሽ፣ እንዲህ ነው የሚመለሰው። ድምፄ ዝግ ያለ ነውና ጠጋ በሉ።

በድሮ ዘመን፣ ደጋና ቆላ በእግር መንገድ ብቻ በሚገናኙበት ዘመን፣ ሁለት እህትማማቾች ነበሩ። ታላቂቱ ደብሪቱ ትባላለች። ታናሺቱ አስካለ ትባላለች። አባታቸው ደብሪቱን ለደጋ ሰው ዳራት። አስካለን ለቆላ ሰው ዳራት።

ደብሪቱ ከተራራው ጫፍ ላይ ትኖራለች። ብርዱ ጥርስ ያንገጫግጫል። ግን ገብሱ ያምራል፣ በጉ ይሰባል፣ ልጆች በወባ አይንቀጠቀጡም። አስካለ ከገደሉ ሥር፣ ከወንዙ ዳር ትኖራለች። እዚያ ማሽላው ያምራል፤ ግን ሙቀቱ ያዝላል፣ ትንኙ አያስተኛም። የባሏ ወገኖች የሚናገሩት ቋንቋ ደግሞ ሌላ ነው። አስካለ ስትዳር ከዚያ ቋንቋ አንድ ቃል አታውቅም ነበር። ቀስ እያለች ተማረችው። ልጆቿንም በእሱው አሳደገች።

አስካለ ዓይናፋር ናት። ልጅ ሳለች አጎቷ መሪጌታው ፊደል አስቆጥረዋት ነበርና ማንበብ ትችላለች። ነገር ግን ማንበቧን ሰው ሲያነሳባት ፊቷን በነጠላዋ ትሸፍናለች። ያን ጊዜ ፊደል የቆጠሩ ሴቶች ብዙ አልነበሩም። ሰው ያደንቃል፤ ሰው ደግሞ ይጠረጥራል።

እናታቸው ከሞተች በኋላ በየዓመቱ መታሰቢያዋን በደብሪቱ ቤት ያደርጉ ነበር። በዚያ አገር አንድ ልማድ ነበረ። ሴት ልጅ ለእናቷ መታሰቢያ ንፍሮውን በገዛ ቤቷ ቀቅላ፣ በገዛ ጀርባዋ አዝላ ታመጣለች። ለሰው ቤት ምድጃ፣ ለሰው እጅ አትሰጠውም። ሽማግሌዎችም ንፍሮውን እየቀመሱ እንዲህ ይሉ ነበር፦

«እናቷን የምትወድ ልጅ ንፍሮዋ ይለሰልሳል።»

እንግዲህ ስሙኝ። የአስካለ ባቄላ እንደ ቅቤ ይለሰልሳል። የደብሪቱ ባቄላ እንደ ጠጠር ይጠጥራል።

የደጋ ሰው ቆሎ ይቆረጥማል፣ በሶ ይበጠብጣል እንጂ ንፍሮ አያዘወትርም። ስለዚህ የደብሪቱ ባቄላ መጥፎ መሆኑ የታወቀው የአስካለ ባቄላ ከጎኑ ሲቀርብ ነው። አባ ቢረሳው የሚባሉ ቀልደኛ ሽማግሌ ከደብሪቱ ሰፌድ አንድ ፍሬ አነሱና አገላብጠው አዩት።

«ደብሪቱ ልጄ፣ ይሄ ለወንጭፍ ነው ለአፍ?»

ቤቱ ሳቀ።

«እስቲ የቆላይቱን አቀብሉኝ። እሰይ! ይቺ እናቷን ትወድ ነበር።»

ደብሪቱ ይህን ስትሰማ ሰፌዷን አንስታ ወደ ጓዳ ገባች። ለምን መሰላችሁ? እናቷን ያስታመመቻት ማን ነው? ደብሪቱ ናት። ሌሊት ሌሊት ያገላበጠቻት ማን ነው? ደብሪቱ ናት። አስካለ ሩቅ ነበረች፤ የደረሰችው ለቀብር ነው። አሁን ግን ሰው ሁሉ የአስካለን ፍቅር በአፉ ያላምጣል።

እንግዶቹ ሲሄዱ ደብሪቱ እህቷን ጥግ ይዛ ጠየቀቻት።

«አስካል፣ ምን ጨምረሽበት ነው?»

አስካለ ፈገግ አለች። ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች።

«እንጃ እትዬ። እጄ ይሆናል።»

እጄ ይሆናል! ይቺ ቃል እንደ እሾህ ተሰካች። የአስካለ እጅ እጅ ከሆነ የደብሪቱ እጅ ምንድን ነው? ደብሪቱ የእህቷን እጅ አየች። የራሷን እጅ አየች። አምስት ጣት እዚያ፣ አምስት ጣት እዚህ።

ቀናች፣ ልጆቼ። ክፉኛ ቀናች። በማግስቱም «እጅ አይደለም፣ ድስቱ ነው» አለች። ገደሉን ወረደችና አስካለን ድስቷን ለመነቻት። አስካለ ሰጠቻት። ደብሪቱ ድስቱን አዝላ አቀበቱን ወጣች፣ ባቄላ ጣደችበት፣ ማገዶ ማገደች። ውሃው ተንተከተከ። የደብሪቱም ሆድ አብሮ ተንተከተከ። ባቄላው ግን አልበሰለም።

በሌላው ዓመት መታሰቢያ ደርሶ ሰው እንደገና ሲስቅባት «ድስቱ አይደለም፣ ጉልቻው ነው» አለች። ገደሉን ወረደች። አስካለ ወንዝ በሄደችበት ሦስቱን ጉልቻ ነቅላ በአህያ ጫነች። አስካለ ተመልሳ ምድጃዋን ብታይ ባዶ ነው። «አገሩ ድንጋይ አጥቶ ነው?» ብላ ሳቀችና ሌላ ድንጋይ አምጥታ ጎለተች። ደብሪቱ አቀበቱን ወጣች፣ ጉልቻዎቹን ጎለተች፣ ድስቱን ጣደች። ውሃው ተንተከተከ። የደብሪቱም ሆድ አብሮ ተንተከተከ። ባቄላው ግን አልበሰለም።

በሦስተኛው ዓመት «ጉልቻው አይደለም፣ የምትደብቀኝ ነገር አለ» አለች። ገደሉን ወረደችና ከአስካለ ቤት ጀርባ፣ ከማሽላው መካከል ተቀምጣ አደፈጠች። አስካለ አዲሱን ድስቷን ጥዳ እሳቱን ትቆሰቁሳለች። ልጆቿ በዙሪያዋ ይጫወታሉ። ድስቱ ሲንተከተክ አስካለ ድንገት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ በቆላው ቋንቋ እንዲህ አለች፦

«ኩላሌ፣ ኩላሌ፣ ቢሶ ቱራ!»

ትንሽ ቆይታ ደግማ አለች። ትንሽ ቆይታ ሠልሳ አለች። ከዚያ ድስቱን አወረደች። ባቄላው በስሏል።

«አገኘሁት!» አለች ደብሪቱ በልቧ። «ድግምት ነው!»

ቃሉን እየደጋገመች አቀበቱን ወጣች። ቤቷ ደርሳ ድስቱን ጣደች። ባሏ ከበራፍ ላይ ሆኖ ሚስቱ ከድስት ጋር ስታወራ ሰማ።

«ኩላሌ፣ ኩላሌ፣ ቢሶ ቱራ!»

«አንቺ ሴት፣ ምን ነካሽ?»

«ዝም በል! ይሰበራል!»

«ምኑ? ድስቱ?»

«ድግምቱ!»

ውሃው ተንተከተከ። የደብሪቱም ሆድ አብሮ ተንተከተከ። ባቄላው ግን አልበሰለም። ደብሪቱ ጭልፋውን ወረወረችና አለቀሰች። ስታለቅስ ቆይታ ተነሳች። ዓይኗ ደርቆ ነበር።

«ድግምቱ ለባለቤቱ ብቻ ነው የሚሠራው» አለች። «እህቴ መተተኛ ናት።»

ከተራራውና ከሸለቆው መካከል፣ ከገደሉ ወገብ ላይ ገበያ ነበረ። ደገኛውም ይወርዳል፣ ቆለኛውም ይወጣል። ዳኛ ተድላ የሚባሉ ሰው ከገበያው ዳር፣ ከዋርካ ሥር ተቀምጠው ይዳኛሉ። ደብሪቱ በገበያው ቀን ከፊታቸው ቆመች።

«በሕግ አምላክ! እህቴን እከሳለሁ። በማናውቀው ቋንቋ በድስት ላይ ትደግማለች። ፊደልም ታውቃለች።»

ገበያተኛው ዕቃውን ትቶ ወደ ዋርካው ተጠጋ። በዚያ አገር መተተኛ የተባለ ሰው ቤቱንና ልጆቹን ትቶ፣ ከወንዙ ማዶ ተሻግሮ ዳግም እንዳይመለስ ይባረር ነበር። በሐሰት የከሰሰ ደግሞ ያው ቅጣት በራሱ ይመለሳል። አስካለን ጠሯት። መጣች። ትንሿ ልጇ ቀሚሷን ይዛ ከኋላዋ ቆማለች።

«እህትሽ ያለችውን ሰማሽ?» አሉ ዳኛው።

አስካለ አንገቷን ደፋች። ዓይናፋር ሰው በአደባባይ ሲጠየቅ ንጹሕ ቢሆን እንኳ ጥፋተኛ ይመስላል።

«ቃሉን ብያለሁ ጌታዬ። ድግምት ግን አይደለም። ‹ልጆች፣ ልጆች፣ ከእሳቱ ራቁ› ማለት ነው።»

«ውሸት ነው!» አለች ደብሪቱ።

«እውነት ነው» አለ የአስካለ ባል። «የእናቴ ቋንቋ ነው።»

«አንተ ባሏ ነህ» አሉ ዳኛው። «ለሚስትህ ያልመሰከርክላት ለማን ልትመሰክር?»

የገበያው ደገኞች አጉረመረሙ። የማይገባቸው ቋንቋ ሁሉ እርግማን ይመስላቸዋል። አስካለ ዙሪያዋን አየች። ከዋርካው ወዲያ የቆላ ሴቶች በቆሎ እየጠበሱ ይሸጣሉ። ልጆቻቸው እሳቱን ከበው እሸቱ እስኪደርስ ይጠብቃሉ። እነዚህ ልጆች አማርኛ አያውቁም፤ ክሱንም አልሰሙም።

«ጌታዬ» አለች አስካለ። «እኔ ዝም ልበል። ባሌም ዝም ይበል። እትዬ ደብሪቱ ወደዚያ እሳት ትሂድና ድግምት ነው ያለችውን ጮክ ብላ ትበለው።»

«መልካም፤ ደብሪቱ፣ ሂጂ» አሉ ዳኛው።

ደብሪቱ ሄደች። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ እንደ አዋጅ ነጋሪ ጮኸች።

«ኩላሌ፣ ኩላሌ፣ ቢሶ ቱራ!»

የቆላ ልጆች ሁሉ በአንድ ጊዜ ተነስተው ከእሳቱ ወደ ኋላ ሸሹ። አንዱ እንደውም ደንግጦ የእናቱ ጉያ ገባ። አንዲት የበቆሎ ሻጭ ደብሪቱን በቋንቋዋ አመሰገነቻት።

ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ዳኛ ተድላ እንኳ ጢማቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

«አየሽ ልጄ» አሉ፣ «ሰው የሚናገረው ስላልገባን ብቻ የሰይጣን ቃል አይሆንም። እዚያ ታች ያለችው እናት የምትለው እዚህ ያለችው እናት የምትለውን ነው።»

ደብሪቱ ግን ልቧ አልበረደም። ቅናት የሚሉት ነገር አንዱን በር ሲዘጉበት በሌላው ይገባል።

«ይሁን፣ ቃሉ ቃል ነው። ታዲያ የእሷ ባቄላ ለምን ይበስላል? የእኔ ለምን አይበስልም? ድስቷን ወሰድኩ፣ አልበሰለም። ጉልቻዋን ወሰድኩ፣ አልበሰለም።»

«ጉልቻዬን አንቺ ነሽ እንዴ የወሰድሽው?» አለች አስካለ።

ገበያው ዳግም ሳቀ። አንዱ «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ሲባል አልሰማሽም?» አላት። ደብሪቱ ፊቷ ቀላ።

አስካለ ግን አልሳቀችም። የእህቷን እጅ አየች፤ ከማገዶ ብዛት ቆስሏል፣ አመድ ጠጥቷል። ወደ ዳኛው ዞራም እንዲህ አለች፦

«ጌታዬ፣ አንድ ድስት ይሁን። ከአንድ ጎተራ የወጣ ባቄላ ይሁን። ማገዶውም አንድ ዓይነት ይሁን። ፀሐይ ስትወጣ ይጣድ፣ ቀትር ሲሆን ይውረድ። የምትቀቅለው እትዬ ደብሪቱ ናት። እኔ ድስቱ አጠገብ አልደርስም። መጀመሪያ በእሷ ቤት፣ ቀጥሎ እዚህ ገበያው ላይ፣ በመጨረሻ በእኔ ቤት ትቀቅል።»

ዳኛው ተስማሙ። ሰውም ተከትሎ አቀበቱን ወጣ።

ከተራራው ጫፍ ላይ ደብሪቱ ጣደች። ቀትር ሲሆን አወረደች። ዳኛው ነከሱት። ቋ!

«ብርዱ ነው» አለ አንድ ሰው። «እሳት ጨምሩበት።» በማግስቱ እሳቱን እጥፍ አደረጉት። ውሃው ቶሎ አለቀ እንጂ ባቄላው ያው ነው። ልብ በሉ ልጆች፤ አንዴ የፈላ ውሃ እሳት ስለጨመሩበት የበለጠ አይግልም። ተንኖ ይሄዳል እንጂ።

ከገደሉ ወገብ፣ ከገበያው ላይ ደብሪቱ ጣደች። ቀትር ሲሆን አወረደች። ዳኛው ነከሱት። አልጠጠረም፣ አልለሰለሰም። መካከለኛ ሆነ።

ሰው ማጉረምረሙን ተወ። እርስ በርሱ መተያየት ጀመረ።

ከገደሉ ሥር፣ በአስካለ ቤት፣ ደብሪቱ ጣደች። አስካለ ከሩቅ፣ ከወንዙ ዳር ተቀምጣለች። ቀትር ሲሆን ደብሪቱ አወረደች። ዳኛው ጭልፋውን ሊያነሱ ሲሉ ደብሪቱ ቀደመቻቸው። አንድ ፍሬ በጣቷ ያዘች። ፍሬው በጣቷ መካከል ፈረሰ። አፏ ውስጥ ከተተችው። ሳታኝከው ሟሟ።

 ደብሪቱ ሁለት እጆቿን ወደ ላይ አንስታ እያገላበጠች አየቻቸው።

«እጄ ነው ያበሰለው» አለች። «የኔ እጅ።»

ከዚያ ወደ ሰዉ ዞረች።

«እናቴን እኮ እኔም እወዳት ነበር! ሰምታችኋል? እኔም እወዳት ነበር!»

ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ። ዳኛ ተድላ ግን ዳኛ ናቸውና ፍርዱን ከመናገር አልቀሩም።

«ደብሪቱ፣ ምስኪን ነሽ። ሕጉ ግን ሕግ ነው። ያበሰለው አገሩ ነው እንጂ መተት አይደለም። እህትሽን በሐሰት ከሰሻል። ያሰብሽላት ቅጣት በራስሽ ይሁን። ወንዙን ተሻገሪ።»

ይህን ጊዜ አስካለ ከወንዙ ዳር ሮጣ መጣች። ነጠላዋ ከራሷ ወደቀ። አልሸፈነችውም።

«አይሆንም ጌታዬ! ጥፋቱ የኔም ነው። እኔ አውቅ ነበር።»

«ምኑን?»

«ተራራው መሆኑን። ደብሪቱ የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ላርሳት ወጥቼ ነበር። በቤቷ ባቄላ ቀቀልኩ። በዚህ እጄ። አልበሰለም። በማግስቱም አልበሰለም። ያን ጊዜ ገባኝ፤ እጅ አይደለም፣ ከፍታው ነው። ለማንም አልተናገርኩም። ስትጠይቀኝ ‹እጄ ይሆናል› አልኳት።»

«ለምን?» አሉ ዳኛው።

አስካለ ፊቷ እንደ በርበሬ ቀላ። ግን ተናገረችው።

«እቀናባት ስለነበር። አባቴ ለእሷ ብርዱን ሰጣት፤ ለእኔ ወባውን። ልጆቿ ሲያድጉ የኔ ልጅ በንዳድ ሞተብኝ። እናታችን ስትሞት እጇን የያዘችው እሷ ናት፤ እኔ አልደረስኩም። ከእሷ የምበልጥበት አንድ ነገር ቢኖር ይቺ ንፍሮ ነበረች። ሰው ‹ይቺ እናቷን ትወድ ነበር› ሲል፣ ውሸት መሆኑን እያወቅሁ፣ ጣፈጠኝ።»

ደብሪቱ ወደ እህቷ ቀረበች።

«እኔ በአፌ ከሰስኩሽ» አለች፤ «አንቺ ግን ስንት ዓመት በዝምታሽ ስትከሺኝ ኖርሽ።»

«አዎ እትዬ።»

 ዳኛ ተድላ ዱላቸውን መሬት ላይ አሳረፉ።

«እንግዲህ ሁለት ጥፋተኞች አሉኝ። አንዲቱን ባባርር ሌላይቱ ትቀራለች። ሁለቱንም ባባርር ልጆቻቸውን ማን ያበላል? ስለዚህ እንዲህ ፈርጃለሁ። ደብሪቱ፣ እስከሚመጣው መኸር ልጆችሽን ይዘሽ እዚህ እህትሽ ቤት ትቀመጫለሽ። ያስፈራሽን ቋንቋ ትማሪያለሽ። እንዲያው ሰላምታውን ብቻ አይደለም፤ እስክትጣይበት ድረስ።»

«እሺ ጌታዬ።»

«አስካለ፣ አንቺ ደግሞ መናገር ነው ቅጣትሽ። በመጪው መታሰቢያ፣ ደገኛው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ቆመሽ፣ ፊትሽን ሳትሸፍኚ፣ ያወቅሽውን ሁሉ ትናገሪያለሽ።»

 ለአስካለ ወንዙን መሻገር ሳይቀላት አይቀርም ነበር። ግን እሺ አለች።

ዓመቱ ዞረ። የመታሰቢያው ቀን ደረሰ። ከተራራው ጫፍ ላይ ሰው ተሰበሰበ። አስካለ ቆመች። ፊቷን አልሸፈነችም። እንዲህም አለች፦

«ስሙኝ። ንፍሮ የሚያበስለው ፍቅር አይደለም፤ የውሃ ግለት ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ውሃ ሳይግል ይፈላል። እናንተ እንጨት አትጨርሱ። ባቄላውን ከዋዜማው ጀምራችሁ በውሃ ዘፍዝፉት። ክዳኑ ላይ ከበድ ያለ ድንጋይ ጫኑበት። ለረጅም ሰዓትም ታገሡት። ንፍሮው የጠጠረባት ሴት ካለች ደግሞ እናቷን አልወደደችም አትበሏት። እህቴ እናታችንን እስከ መጨረሻዋ ትንፋሽ ድረስ አስታማለች። እኔ ይህን አውቅ ነበር፤ ዝም አልኩ።»

እዚህ ላይ ድምፅዋ ተቋረጠ። ደብሪቱ ተነስታ ከጎኗ ቆመች።  የእህቷን ነጠላ ከትከሻዋ አነሳችና አስተካክላ አለበሰቻት።

ከዚያ ቀን በኋላ በዚያ ተራራ ማንም የንፍሮን ልስላሴ በፍቅር አልለካም።

እናንተ ደግሞ «ውሃው ለምን ሳይግል ይፈላል?» ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ፣ ጠይቁ። አየር ባይታይም ክብደት አለው። ቆላ ያለ ድስት ከላዩ የተከመረበት አየር ብዙ ነው። ውሃውን ተጭኖ ይይዘዋል፤ በደንብ ሳይግል እንዳይፈላ ያደርገዋል። ከተራራ ጫፍ ላይ ግን ከላይ የቀረው አየር ያነሰ ነው። የሚጫነው ስለሚቀንስ ውሃው ቶሎ ይፈላል፤ ቶሎ ይፍላ እንጂ ግለቱ ትንሽ ነው። ይቺን የምታህል ነገር ናት ሁለት እህትማማቾችን ያጣላችው።

አባቶች እንዲህ ይላሉ፦ ቅናት ዓይን ያፈጣል፣ ጆሮ ይደፍናል፤ እውቀትን የደበቀ ደግሞ ከቀናው አይሻልም።

ተረቴን ከጉልቻው አወረድኩ። የበሰለለት ይብላ፤ ያልበሰለለት ይጠይቅ።